ሁለት ብዬ ነግሬያት ነበር

ሰኔ 3

ለእህቴ ልጅ፣ ለቆጣሪው፤

ከቤቴ ሰው አውጥተሃል። ሰላምታው ከዚህ በኋላ ይከተላል፦ ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልብም ይስጥህ።

ነገሩን ከመነሻው ላስቀምጥልህ፣ ኋላ «አልገባኝም ነበር» ብለህ እንዳታመልጠኝ። መጋቢት ላይ አንዲት ታብሌት የያዘች ልጅ በሬን አንኳኳች። «አባቴ፣ ስለ አረጋውያን ኑሮ ጥናት እናደርጋለን፤ ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ» አለች። ከማዶ ሆኖ ጥናቱን የሚመራው አንተ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት መሆኑን ባትነግረኝ ኖሮ ከደጅ ነበር የምመልሳት። ወንበር ሰጠኋት። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ አልኳት። «ዛሬም ይሠራሉ?» አለች። «ዝናብ ጡረታ ሲወጣ አብሬው እወጣለሁ» አልኳት። ትምህርት አለች። «ማንበብ መጻፉን ራሴን በራሴ አስተማርኩ» አልኳት። ለእሱ የሚሆን ቦታ የለም ብላ «ያልተማረ» የሚለውን ነካችው። ይህንንም ዋጥኩት። በመጨረሻ «በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» አለች። ሁለት አልኳት። እኔና ልጄ።

ባለፈው ሳምንት ያችው ልጅ ተመልሳ መጣች። ጡረታ የወጣችው ነርስ ቤት ገባች። ከፊት ለፊቴ ያለው ልብስ ሰፊ ቤት ገባች። የእኔን በር ዘላ አለፈች። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የጃንጥላ ሽቦ እያቃናሁ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ አባቴ፣ ይኑሩልን! የእርስዎ ተስተካክሏል ተብሎ ነው።»

«ምኑ ነው የተስተካከለው?»

«በቤትዎ የሚኖረው ሰው ብዛት። አንድ ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ እንጃ። ከላይ ነው።»

ከላይ ማለት አንተ ነህ። እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ የእኔን ጓዳ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ሌላውን ሁሉ ተመልሰው ጠየቁት፤ እኔን ሳይጠይቁኝ አወቁልኝ። ሳይጠይቅ የሚያውቅ ሰው ወይ ነቢይ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። አንተን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ነቢይ አይደለህም።

ልጄ ረጅሙ ወደ አንተው ከተማ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ይህ ለማንም ምስጢር አይደለም። ግን ክፍሉ ክፍሉ ነው። እግሩ እንዳይወጣ ብዬ ጣውላ የቀጠልኩለት አልጋ እንደተነጠፈ ነው። እናትህ ዓመት ሙሉ «ያን ክፍል ለምን አታከራየውም?» ስትለኝ ከርማለች። እሷ በአፏ ያቃታትን አንተ በወረቀት ልትፈጽመው ይሆን ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ባዶ ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ ነገ ተከራይ ይዛ ትመጣለች።

መልሰህ ሁለት አድርገው። ማድረግህንም ጽፈህ አሳውቀኝ።

አጎትህ

*

ሰኔ 28

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

በያሉበት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፈጣሪ ጤና አይንሳዎ፤ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለእጅዎ ብርታት ይስጥልን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ጋሼ፣ የተቆጡበትን ነገር ላስረዳዎ። ጥናታችን አረጋውያንን ሁሉ አይጠይቅም፤ ጥቂቱን ጠይቆ ስለ ሁሉም ይናገራል። እህል ገዢ እጁን ጆንያ ውስጥ አስገብቶ አንድ ጭብጥ አውጥቶ እንደሚያየው ማለት ነው። ጭብጡ ግን ከአንድ ወገን ብቻ የተዘገነ ከሆነ ያታልላል። ስለዚህ የጠየቅናቸውን ሰዎች ከሀገሩ ሕዝብ ቆጠራ ጋር እናስተያያለን፤ ስንቱ ወንድ ነው፣ ስንቱ ሴት፣ ስንቱ የተማረ፣ ስንቱ ብቻውን የሚኖር። ሴቶቹ በዝተው አገኘናቸው፤ ጠያቂ ሲመጣ ቤት የሚገኙት እነሱ ናቸውና። እሱን በስሌት አቃናነው።

ያልገባን ሌላ ነገር ነበር። በሕዝብ ቆጠራው ከመቶ አረጋውያን አሥራ ስድስቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። በእኛ ጥናት አራቱ ብቻ። በእርስዎ ሰፈርማ ብቻዬን ነኝ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሲጣራ አረጋውያኑ የሄዱ ልጆቻቸውን ሁሉ ቤት ውስጥ እንዳሉ ይቆጥሯቸዋል። ደንቡ ደግሞ ካለፈው ስድስት ወር አብዛኛውን እዚያ ቤት ያደረ ሰው ብቻ ይቆጠር ይላል። ስለዚህ ጠያቂዋ ተመልሳ እንድትሄድ ተደረገ። እርስዎን ሁለተኛ ማድከም ስላልፈለግሁ የእርስዎን እዚሁ አስተካከልነው። ሌላ ነገር የለውም። እናቴም ስለዚህ የምታውቀው ነገር የለም።

የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

ታዛዥዎ፣ የእህትዎ ልጅ

*

ሐምሌ 10

ለቆጣሪው፤

ጤና አይንሳህ። ደብዳቤህን አራት ቀን አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ አጎት ነው፤ ኋላ ግን እንደ ዳኛ።

ያደረ ነው የሚቆጠረው ብለሃል። እኔ እንቅልፍ ከራቀኝ ዓመት አልፎኛል፤ ስለዚህ እኔም አልቆጠርም ማለት ነው፤ ቤቱን ባዶ በለው። ደግሞ ሰፈሩ ከሀገሩ ጋር አልገጠመም ብለሃል። አልገጠመም እንበል። ሀገሩ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ በዝቶበት ከሆነ ሀገሩ ይታረም እንጂ የእኔ ቤት ለምን ይታረማል?

የሠራችሁትን ልንገርህ። ነርሷ መጀመሪያ አራት ብላ ነበር፤ እሷና ሦስት ልጆቿ። አንዱ የባሕር መርከብ ላይ ነው፣ ሁለቱ የት እንዳሉ እሷም በቅጡ አታውቅም። ያቺ ልጅ ደንቡን አነበበችላት። «እንግዲያው አንድ ነኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ደጃፏ ላይ እንደተቀመጠች ዝናብ መጣ፤ ያሰጣችውን ልብስ ከገመድ አላወረደችም። «ልብስሽ!» ብዬ ጮህኩ። «የአንድ ሰው ልብስ ነው፣ ምን ያህል ይረጥባል?» አለችኝ። ይህን በስሌት አቃናው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ጠያቂዋ ስም አንጽፍም ብላ ምላ ነበር። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ መሐል እኔን እንዴት ለይተህ አወጣኸኝ?

ሌላም አለ። «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ብለሃል። ሁላችንም የሚለው ማንን ማንን ነው? አንተ ሚስት የለህም። ረጅሙ ራሱ መጻፉን ካቆመ ወዲህ አንተ በየደብዳቤህ ግርጌ «ረጅሙም ሰላም ብሎዎታል» ትል ነበር። አጭር ናት፣ ግን አትቀርም ነበር። በዚህኛው ቀርታለች። እኔ የጎደለ ነገር ቶሎ ይታየኛል።

ሁለት አድርገው ያልኩህን አድርገሃል ወይስ አላደረግህም? እሱንም አልመለስክም።

አጎትህ

*

ነሐሴ 4

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስዎ። በዝናቡ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ፤ ወገብዎን ይጠብቁ።

ስም አይጻፍም የተባለው እውነት ነው። ግን ሥራ ይጻፋል። ጃንጥላ ጠጋኝ የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ ጠያቂዋ አስተያየት በሚለው ቦታ «ተጠያቂው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ተችተዋል፤ ለጠያቂዋም ስለ አቀማመጧ ምክር ሰጥተዋል» ብላ ጽፋለች። ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ስም ምን ያደርጋል?

ረጅሙ ደህና ነው። ሥራ ቀይሯል። ሹራብ ልኬልዎታለሁ፤ ቅዝቃዜው ሳይመጣ ይደርስዎታል።

ታዛዥዎ

*

ነሐሴ 19

ለቆጣሪው፤

ሹራቡ ደረሰ። ልክክ ብሎ ሆነኝ፤ እሱም አጠራጠረኝ። ሹራብ የሚላከው ለታመመ ሰው ነው ወይም ለሚታለል ሰው። እኔ አልታመምኩም።

ጃንጥላ የሚያፈስበት ቦታ ሲጠፋኝ ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግቼ አየዋለሁ። ደብዳቤህንም እንደዚያው አደረግሁት። «ረጅሙ ደህና ነው። ሥራ ቀይሯል።» ይኸው ነው። ሰላም ብሎዎታል አላልክም። የት እንደሚኖር አላልክም። ባለፈው ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ሀገሩ ሕዝብ የጻፍክ ሰው ስለ ልጄ የተረፈህ አምስት ቃል ነው።

እንግዲህ በራስህ ደንብ ልጠይቅህ። ያደረ ይቆጠራል ካልክ፣ ልጄ የት ያድራል? ከእኔ ቤት ስታወጣው በየትኛው ቤት አስገባኸው? ሰው ከአንድ ቤት ሲወጣ ሌላ ቤት ይገባል። አለበለዚያ ከመሬት በታች ይገባል።

ነርሷን አማክሬያት ነበር። ሆስፒታል ሠርታ ስላረጀች የሰው ፊት ማንበብ ታውቃለች፤ ደብዳቤህን አነበብኩላት። «ምን ይመስልሻል?» አልኳት። «መጥፎ ወሬ የያዘ ሰው አጭር አጭር ነው የሚናገረው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ማቃናት አቅቶኛል። እጄ ላይ ይሰበራል።

ስለዚህ ክፍሉን ተወው፣ ሁለቱንም አንዱንም ተወው፣ እናትህንም ተዋት። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። ሞቷል ወይስ አልሞተም? ሰላምታ አልፈልግም። ሹራብም አልፈልግም። ከሞተ ሞቷል በል፤ እኔ ቆሜ ነው የምሰማው።

አጎትህ

*

መስከረም 14

ጋሼ፤

አልሞተም። ይህን ከሁሉ በፊት ያንብቡት። ረጅሙ አለ፤ አሁንም በር ሲገባ ያጎነብሳል፣ አሁንም ይረሳና ግንባሩን ይመታል።

መልሱ የዘገየው ጽፌ እየቀደድኩ ነው። አሁን ግን እርስዎን በዚህ ሐሳብ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ስለሆነ መሐላዬን አፍርሼ እነግርዎታለሁ።

ባለፈው ዓመት እዚህም ሕዝብ ተቆጥሮ ነበር። ረጅሙ ወረቀት መሙላት እንደማይወድ ያውቃሉ፤ ጠራኝና ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አብረን ሞላን። በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል ይላል። «ሦስት በል» አለኝ። እሱ፣ ሚስቱና ልጁ። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው።

ሲሄድ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ያሉትን እኔም አጠገባችሁ ቆሜ ሰምቻለሁ። «እኔ ሳላውቃት ያገባህ ቀን ልጄ አይደለህም» ብለውታል። ሌላ ልጅ ቢሆን አባት በመለያየት ጊዜ የተናገረው ነው ብሎ ይረሳው ነበር። እሱ ግን የእርስዎ ልጅ ነው፤ ቃል ሚስማር ይመስለዋል። ያገባ ዕለት መጻፍ አቆመ። «ልጄ አይደለህም ላለኝ ሰው ‹አባዬ› ብዬ በምን እጄ ልጻፍ?» ይላል። እንዳልነግርዎ አስማለኝ። ሰላምታዎቹንም እሱ አልላከም፤ ከራሴ ነበር የምጨምራቸው። ሲበዛ አፈርኩና ተውኳቸው።

ከዚያ የእናንተ ሰፈር መልስ እጄ ገባ። ጃንጥላ ጠጋኝ፣ በቤቱ የሚኖር ሰው ሁለት። ያ ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ራሴ በእጄ እዚህ የቆጠርኩት ሰው እዚያም ተቆጥሮ አየሁት። የሌላ ሰው ቤት ቢሆን ጠያቂዋን ሂጂ እላት ነበር። ያቺ ልጅ በረንዳዎ ላይ ቆማ «ልጅዎ መጨረሻ እዚህ ያደሩት መቼ ነው?» ስትልዎ ታየኝና ያን ጥያቄ ከሚሰሙት ብዬ ራሴ አንድ አደረግሁት። ሥራዬ የማይፈቅደውን ነው ያደረግሁት። ደግሞም ያልጠየቁኝን ነው ያደረግሁት።

ይቆጡኝ። ግን ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥቅምት 30

ለቆጣሪው፤

ደብዳቤህ በመስከረም መጨረሻ ደርሶኛል። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ነርሷ ታሟል ብላ ብትጽፍልህ አትመናት፤ ሴትየዋ ሥራ ስላጣች በሽተኛ ትፈልጋለች።

ከእንግዲህ አንተን ማመን ይከብደኛል። አንድ ሰው ሰላምታ ከፈጠረ ምን የማይፈጥረው አለ? ልጅ መፍጠርስ ምን ያቅተዋል?

ስለ ጣቢያው የጻፍከው ልክ ነው። ያልኩትን ብያለሁ። ስል ሰው ሰምቷል፣ አንተም ሰምተሃል። እኔ ቃሌን እንደ ጃንጥላ አላጥፍም። ስለዚህ ረጅሙ ወደ ደብዳቤዎቼ አይግባ፤ አንተም አታስገባው።

ነገር ግን በተባለው ላይ አይጨመርም። እኔ ያን ቀን የተናገርኩት ለአንድ ሰው ነው። ስለ ልጅቷ ያልኩት ነገር የለም። ያኔ አልተወለደችም፤ ላልተወለደ ሰው ማንም ምንም ሊል አይችልም። ይህን ለብዙ ቀን አገላብጬ አስቤዋለሁ፤ ስንጥቅ የለበትም።

ቁመቷን ላክልኝ። ፎቶ አልፈልግም፣ ፎቶ ስለ ቁመት ይዋሻል። ለምን ብለህም አትጠይቀኝ።

አጎትህ

*

ኅዳር 16

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው። ፖስታው ውስጥ ክር ያገኛሉ። በሴንቲሜትር ብጽፍልዎ ከራሱ ነው የጨመረው ይሉኛል ብዬ ግድግዳ አስደግፈን ለካናት፤ ከተረከዟ እስከ አናቷ ያ ክር ነው። በጣቷ ቆማ ልትረዝም ስትሞክር ተይዛለች።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለአያትሽ» አልኳት።

«አያቴ ክር የለውም?»

«ክርስ አለው። አንቺን ነው ያጣው» አልኳት። ከዚያ ተረከዟን አወረደች።

የሰጡኝን ትእዛዝ አክብሬ ሌላ ሰው አላስገባሁም።

የእህትዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 11

ለቆጣሪው፤

ጤና ለአንተ ይሁን። ክሩ ደረሰ። ተለጥጦ እንዳይሆን ውኃ ነክሬ አደረቅሁት፤ አላጠረም። ይህንን አምኛለሁ።

የክሩን ጫፍም አይቻለሁ። በመቀስ አልተቆረጠም፣ በጥርስ ነው። አንተ ለጥርስህ የምትሳሳ ሰው ነህ፤ የወይን ፍሬ እንኳን ግማሽ ግማሹን ነበር የምትነክሰው። ክር በጥርሳቸው የሚቆርጡ ሁለት ሰዎች ናቸው የማውቀው፤ ሁለቱም የተማሩት እዚህ ቤት፣ እዚህ በረንዳ ላይ ነው። አንደኛው እኔ ነኝ። ከዚህ አላልፍም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቅል አለ። ጨርቁ ለጥገና ሰጥታኝ ሳትመለስ ከቀረች ሴት ጃንጥላ ነው፤ ቀይ ነው፣ አንድም ቦታ አያፈስም፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አይቼዋለሁ። ሽቦዎቹን አሳጥሬ ጫፋቸውን በሙሉ አዶልዱሜዋለሁ፤ ልጅ ሲሮጥ ሰው ዓይን ውስጥ ያስገባል። እጀታው ለረጅሙ አልጋ ከቀጠልኩት ጣውላ የተወሰደ ነው፤ ጥሩ እንጨት ነበር፣ ያለ ሥራ ተቀምጦ። ዘንጉን ክሩ ከሚጠይቀው ጥቂት አስረዝሜዋለሁ፤ የዘሯን አመል አውቃለሁ፣ ቶሎ ትመዘዛለች። ሲሰበር እዚያ ላለ ጠጋኝ እንዳትሰጡት፤ ወደ እኔ ይላክ።

ስለ ጥናትህ፤ አንድ ብለህ ተወው። አሁን ያቺ ልጅ ብትመጣ እኔም አንድ ነው የምላት። ሳትጠይቀኝ የነካኸውን ግን ይቅር አላልኩም። ነርሷም አንድ ነች፣ ልብስ ሰፊውም አንድ ነው፤ ሀገርህ ቁጥሩ ሞላለት። እናትህ ስለ ክፍሉ ብትጠይቅህ አይከራይም በላት። አልጋው አጥሯል እንጂ አልተነሣም።

ከዚህ በኋላ ስለ ቆጠራው፣ ስለ ጣቢያው፣ በዚያ ማዶ ስላሉት ሦስት ሰዎች አልናገርም። በአፌ አላነሣውም፣ በጽሑፍም አላነሣውም፤ አንተ ካነሣህብኝ ደብዳቤህን ሳልከፍት እመልሰዋለሁ። ጨረስኩ።

አጎትህ